ድስቱና ኮሮጆው፦ የቺሊ ሴቶች ከግራው ፖለቲካ ጋር የተጓዙበት መንገድ



በስብሰባዎቻችን ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር አለ። አንዳንዶቻችን «እኛ የራስ አገዝ ማኅበር ነን፤ ፖለቲካ ምን አገባን?» እንላለን። ሌሎቻችን «የዘይት ዋጋ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ብለን እንመልሳለን። እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ ለመሆን አልተነሳሁም። ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ በፊት በኑሯቸው ስላዩት ስለ ቺሊ ሴቶች ያነበብኩትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ቺሊ በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በተራራና በውቅያኖስ መካከል የተዘረጋች ቀጭን አገር ናት። ከእኛ ብትርቅም ዘመኗ ከእኛ ዘመን ጋር ይገጣጠማል። ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር በዋልንበት ዕለት ነው። ከዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ደርግ ንጉሡን አወረደ። ሁለቱም አገሮች ወደ 17 ዓመት ገደማ በወታደር ተገዙ፤ እዚያ ግራውን በማጥፋት ስም፣ እዚህ በግራው ስም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቺሊን ታሪክ ለእኛ ለሴቶች የተለየ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በዚያ አገር ለብዙ ዘመን ወንድና ሴት የሚመርጡት በተለያየ ጠረጴዛ ነበር። ኮሮጆው ለየብቻ፣ ቆጠራውም ለየብቻ ነው። በ1934 በወጣ ሕግ ሴቶች ለከተማ ምክር ቤት ብቻ እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው ስማቸው በተለየ መዝገብ ተጻፈ። በ1949 ፕሬዚዳንትና የሕዝብ እንደራሴ የመምረጥ ሙሉ መብት ሲያገኙም ልማዱ ጸንቶ ቆየ፤ እስከ 2012 ድረስ አልተለወጠም። ለዚህ መብት ለዓመታት የታገሉት ጠበቃዋ ኤሌና ካፋሬና ከግራዎቹ ጋር ቅርበት አላቸው ተብሎ ሕጉ በተፈረመበት ሥነ ሥርዓት ላይ እንኳ ሳይጠሩ ቀሩ። እንግዲህ በሌላ አገር «ሴቶች እንዲህ መረጡ» ሲባል ግምት ነው። በቺሊ ግን ተቆጥሮ የሚታወቅ ነገር ነበር።

ቆጠራውም ለግራዎቹ ደስ የሚል አልነበረም። ሐኪሙና ሶሻሊስቱ ሳልቫዶር አዬንዴ ለፕሬዚዳንትነት አራት ጊዜ ተወዳድረዋል። በ1958 በ33 ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፉ። በወንዶች ኮሮጆ አንደኛ የወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ያሸነፏቸው በሴቶች ኮሮጆ ነው። በ1964 ደግሞ ከመቶ ሴት መራጮች ከ60 በላይ የሚሆኑት የመረጡት ተቀናቃኛቸውን ክርስቲያን ዴሞክራቱን ኤድዋርዶ ፍሬይን ነበር። በ1970 አዬንዴ በመጨረሻ ሲያሸንፉ እንኳ ከመቶ ወንዶች 42 ያህሉ፣ ከመቶ ሴቶች ግን 31 ያህሉ ብቻ ናቸው ድምፃቸውን የሰጧቸው።

የዘመኑ የግራ መሪዎች ለዚህ ቀላል ማብራሪያ ነበራቸው፤ ሴቶች ወግ አጥባቂ ናቸው፣ ቄሱ ያላቸውን ይሰማሉ፣ ፕሮፓጋንዳ ያታልላቸዋል የሚል። ፕሮፓጋንዳው መኖሩ እውነት ነው። በ1964 ምርጫ ግራዎቹ ካሸነፉ ልጆቻችሁ ከእጃችሁ ተነጥቀው ይወሰዳሉ የሚል ማስፈራሪያ በሬዲዮና በግድግዳ ላይ ወረቀት ለእናቶች ተነዝቷል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ለፍሬይ ዘመቻ ከ2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ማውጣቱን የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ራሱ በ1975 ይፋ አድርጓል። ይሁን እንጂ ማብራሪያው ግማሽ ነው። የግራው ፓርቲ ቋንቋ የማዕድን ሠራተኛው፣ የፋብሪካው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ቋንቋ ነበር። ቤት የምትውል፣ ሰው ቤት ልብስ የምታጥብ፣ ጉሊት የምትሸጥ ሴት በዚያ ንግግር ውስጥ የምትገኘው እንደ ሠራተኛው ሚስት ብቻ ነው። ለየት የሚለው አዬንዴ ለእያንዳንዱ ሕፃን በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ለመስጠት የገቡት ቃል ነበር። ሐኪም በመሆናቸው ይመስለኛል ይህን ያሰቡት፤ ቃላቸውንም ለመፈጸም ብዙ ደክመዋል።

ድስቱ ወደ ፖለቲካው የገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያስገቡት ግን ግራዎቹ አልነበሩም። በታኅሣሥ 1 ቀን 1971፣ ፊደል ካስትሮ በቺሊ ረጅም ጉብኝት ላይ ሳለ፣ አብዛኞቹ ከመካከለኛና ከባለጸጋ ቤተሰብ የሆኑ ሴቶች ባዶ ድስት እየደበደቡ በሳንቲያጎ አውራ ጎዳና ወጡ። የምግብ እጥረት ገና መጀመሩ ስለነበር ብዙዎቹ ቤታቸው የጎደለ አልነበረም ተብሎ ተቀልዶባቸዋል። ቀልዱ ብዙ አልቆየም። በ1972 እና በ1973 ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሥጋ፣ የሕፃን ወተት ከሱቅ ጠፋ። ነጋዴው ዕቃ ይደብቃል፣ የጭነት መኪና ባለቤቶች አድማ መትተዋል፣ የመንግሥት ፖሊሲም የራሱ ጥፋት ነበረው። ሰልፉ ላይ የምትቆመው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም። የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሰልፍን የሚያስታውሱ እናቶቻችን ከማንም የተሻለ ይረዱታል።

አዬንዴ የምግብ ስርጭቱን እንዲያስተካክሉ ኃላፊነት ከሰጧቸው ሰዎች አንዱ አልቤርቶ ባሽሌት የሚባሉ የአየር ኃይል ጄኔራል ነበሩ። ይህን ስም አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

በዚያ ሁሉ ሰልፍ መካከል፣ በመጋቢት 1973 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ የአዬንዴ ጥምረት ከ43 በመቶ በላይ አገኘ። በወረፋ እየተሰቃየ ድምፁን ለእነሱ የሰጠ ብዙ ሰው ነበር ማለት ነው። ተቃዋሚዎች በምርጫ እንደማያወርዷቸው የተረዱት ያኔ ነው። በነሐሴ ወር የጄኔራሎች ሚስቶች በጦር ኃይሉ አዛዥ በጄኔራል ካርሎስ ፕራትስ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው እንዲለቅቁ ጠየቁ፤ ፕራትስም ለቀቁ፤ ቦታቸው ለፒኖቼት ተሰጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤተ መንግሥቱ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ አዬንዴም እዚያው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በዝርዝር አልተርክም፤ የእኛ አንባቢዎች የዚህን ዓይነት ዘመን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። ምክር ቤቱ ተዘጋ፣ የግራ ፓርቲዎች ታገዱ፣ የመራጮች መዝገብ ጠፋ። ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች እንደተገደሉ ወይም ደብዛቸው እንደጠፋ፣ ከ38 ሺህ በላይ ደግሞ እንደታሰሩና ስቃይ እንደተፈጸመባቸው በኋላ የተቋቋሙት የመንግሥት ኮሚሽኖች አረጋግጠዋል። ድስት ደብድበው ወታደሩን የጠሩት ሴቶች «አገር አዳኝ» ተባሉና ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው። በየሰፈሩ የነበሩት የእናቶች ማዕከላት የፒኖቼት ሚስት በበላይነት በሚመሩት ድርጅት ሥር ሆኑ፤ የመኮንን ሚስቶች እየመጡ ለድሃ ሴቶች ጥልፍና ጨዋነት ያስተምሩ ጀመር። ከላይ የተዋቀረ የሴቶች ማኅበር ምን እንደሚመስል፣ አኢሴማን ያየ ሰው አይጠፋውም።

ሌላው ዓይነት ማኅበር የተወለደው ማንም ባላዘዘው ቦታ ነው፤ በእስር ቤት በርና በሬሳ ማቆያ ደጃፍ። ባላቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን የሚፈልጉ ሴቶች ደጋግመው ሲገናኙ ስም ለስም ተዋወቁ። ሊጠጉበት የሚችል አንድ ጥላ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ በጥር 1976 «የአብሮነት ቪካሪያ» የተባለውን ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። ጠበቃ፣ ሐኪም፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በዚያ ጥላ ሥር ተሰበሰበ፤ ብዙዎቹ እምነት የሌላቸው ግራዎች ነበሩ። ቄሱ ያሳታቸዋል ሲባሉ የኖሩት ሴቶችና ቄሱን ሲወቅሱ የኖሩት ግራዎች በአንድ አዳራሽ ተገናኙ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የጀመሩት ሥራ «አርፒዬራ» ይባላል፤ ቃሉ በስፓኒሽ ጆንያ ማለት ነው። በጆንያ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ ሥዕል ይሠራሉ። ከላይ ተራራውና ፀሐዩ አለ፣ ከሥር ሰፈራቸው፦ ውሃ የተቆረጠበት ቧንቧ፣ የተዘጋ ፋብሪካ፣ በፖሊስ የተያዘ ሰው፣ ፊቱ ባዶ የሆነ የጠፋ ልጅ። አንዳንዶቹ የሚሰፉት ከጠፋው ሰው ልብስ በተቆረጠ ጨርቅ ነበር። ከጀርባው ትንሽ ኪስ ይደረግና የሥዕሉን ታሪክ የሚናገር ወረቀት ይከተትበታል። ቪካሪያው እየገዛ ወደ ውጭ አገር ይልከዋል፤ ከሽያጩ አብዛኛው ለሰፊዋ፣ ጥቂቱ ለጋራ ካዝና ይገባል። ካዝናው የታመመችውን ይረዳል። ይህን አሠራር ለእኛ ማኅበር አባላት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በ1982 የቺሊ ኢኮኖሚ በአንድ ዓመት በ14 በመቶ ገደማ ወደቀ። በድሃ ሰፈሮች ሥራ ያለው ወንድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ያኔ «የጋራ ድስት» በየሰፈሩ ተጣደ። ጎረቤታሞች ስማቸውንና የቤተሰባቸውን ብዛት ያስመዘግባሉ። ተራ የደረሳት ገበያ ሲበተን ሄዳ የተረፈ አትክልት ትለምናለች፣ ሌላዋ እንጨት ታመጣለች፣ ሌላዋ ታበስላለች። ልጆች እቃ ይዘው መጥተው የቤታቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። የጋራ ግዢም ነበር፤ ገንዘብ አዋጥተው ዱቄትና ዘይት በጅምላ ይገዛሉ። በመንገድ ዳር ማብሰል ራሱ ረሃብ አለ ብሎ መናገር ስለነበር ፖሊስ ድስቱን የሚገለብጥበት ቀንም ነበር።

ባሎች ሁልጊዜ ደስተኞች አልነበሩም። ሥራ ያጣ ወንድ ሚስቱ ስብሰባ ስትውል ማየት ይከብደዋል። ሴቶቹም ስለ ሽንኩርት ሊነጋገሩ ተሰብስበው ስለ ዱላ መነጋገር ጀመሩ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሯ ሁሊዬታ ኪርክውድና ጓደኞቻቸው በዚያ ዘመን የነበረውን የሴቶች ጥያቄ በአጭር መፈክር አስቀመጡት፤ ዴሞክራሲ በአገርም በቤትም። ኪርክውድ በ1985 አረፉ፣ ምርጫውን ሳያዩ። የግራ ፓርቲ ሰዎች መፈክሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አገሩ ነጻ ይውጣ፣ የቤቱ ይደርሳል ይሉ ነበር። «ይደርሳል» የሚለውን ቃል ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

በግንቦት 1983 የመጀመሪያው አገር አቀፍ ተቃውሞ ሲጠራ ማታ ከየመስኮቱ የተሰማው ድምፅ የድስት ድምፅ ነበር። በ1971 አዬንዴን የተቃወመው ድስት በ12 ዓመቱ ወደ ፒኖቼት ዞረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር «ሴቶች ለሕይወት» የተባለው ቡድን በሳንቲያጎ ትልቅ ቲያትር ቤት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ሰበሰበ። ወንድ መሪዎቹ በስደት የቆየ ቂማቸውን ሲያወራርዱ፣ ሶሻሊስት ፓርቲ ተሰንጥቆ ሳለ፣ የሁሉም ተቃዋሚ ፓርቲ ሴቶች በአንድ መድረክ ተቀመጡ።

ምርጫው የመጣው በፒኖቼት ራሱ ሕገ መንግሥት ነው። ለተጨማሪ ስምንት ዓመት ይግዛ ወይስ አይግዛ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ለጥቅምት 5 ቀን 1988 ተጠራ። ግራው እንደገና ተከፈለ። ግማሹ ከክርስቲያን ዴሞክራቶች ጋር ሆኖ እንመዝገብ፣ በራሱ ሜዳ እናሸንፈው አለ። ኮሚኒስቶች አምባገነን ባዘጋጀው ምርጫ መግባት እሱን ማጽደቅ ነው ብለው ቆይተው፣ ሕዝቡ ጥሏቸው መሄዱን ሲያዩ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ተቀላቀሉ። ሥጋታቸው ከንቱ ነበር አልልም። ነገር ግን የሰፈሩ ሴቶች ቀድመዋቸው ነበር። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። «የማንን እንደመረጥሽ ያውቁብሻል» የሚለውን ፍርሃት ከሰው ልብ ማውጣት በቴሌቪዥን ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ቤት ለቤት፣ ቡና እንደምንጠራራ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል። ቴሌቪዥኑም ረድቷል። በየማታው 15 ደቂቃ ለ«አይሆንም» ወገን ተሰጥቶ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጠፉ ሰዎች ዘመዶች የሆኑ ሴቶች በጥንድ የሚጨፈረውን የአገራቸውን ውዝዋዜ ያለ አጣማጅ ብቻቸውን ሲጨፍሩ ታዩ።

«አይሆንም» በ56 በመቶ ገደማ አሸነፈ። በወንዶች ኮሮጆ ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ በሴቶች ኮሮጆ ጠባብ፤ በሁለቱም ግን አሸነፈ። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሴቶች ከዚያ ሁሉ በኋላ ፒኖቼትን መርጠዋል። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ፍርሃቱም፣ የወረፋው ዘመን ትዝታም በሕይወት ነበር።

በመጋቢት 1990 ክርስቲያን ዴሞክራቱ ፓትሪሲዮ ኤይልዊን፣ ሶሻሊስቶችን ባካተተ ጥምረት፣ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመጀመሪያው ካቢኔ ሲሠየም አንዲት ሴት ሚኒስትር አልነበረችበትም። ከ120 የምክር ቤት አባላት ሴቶቹ 7 ብቻ ነበሩ። ፒኖቼት እስከ 1998 ድረስ የጦር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ ቀጠለ። የምርጫ ሕጉ ከእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስመርጥ በመሆኑ ለሁለቱ ትልልቅ ጥምረቶች እንጂ ለሌላ ቦታ አልነበረውም፤ ኮሚኒስቶች ወደ ምክር ቤት የተመለሱት በ2010 ነው።

ደጋፊዎቻችን በተለይ እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። በአምባገነኑ ዘመን የውጭ እርዳታ በቤተ ክርስቲያንና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች በኩል በቀጥታ ወደ ሰፈር ቡድኖች ይደርስ ነበር። ዴሞክራሲ ሲመለስ ለጋሾች ደስ አላቸውና ገንዘባቸውን በአዲሱ መንግሥት በኩል ማድረግ ጀመሩ፤ ወይም አገሩ ከችግር ወጥቷል ብለው ወደ ሌላ አገር ዞሩ። የተማሩት ባለሙያዎች ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገቡ። ቪካሪያው በ1992 ተዘጋ። በ1991 የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ፤ ብዙ መልካም ነገርም ሠርቷል። የጨርቅ ሥዕሉ ቡድን ግን አሁን ፕሮፖዛል ጽፎ፣ ተወዳድሮ፣ ለጥቂት ወራት የሚቆይ ፕሮጀክት ማሸነፍ ነበረበት። አሥር ዓመት ሙሉ ያለ አንዲት ደረሰኝ መቶ ቤተሰብ ያበላች ሴት ቅጽ መሙላት ስላልቻለች ከጨዋታው ወጣች። በሌላ በኩል ድህነት በእውነት ቀንሷል፤ በ1990 ከ38 በመቶ በላይ የነበረው በ2000 ወደ 20 በመቶ ወርዷል። ብዙ ድስት ከእሳት የወረደው ስላላስፈለገ ነው። ችግሩ ድስቱ ሲወርድ ስብሰባውም አብሮ መበተኑ ነው።

የዚህ ዋጋ በ1999 ታየ። ሶሻሊስቱ ሪካርዶ ላጎስ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በመጀመሪያው ዙር ያሸነፉት በ31 ሺህ ድምፅ ገደማ ብቻ ነው። የፒኖቼት ደጋፊ የነበሩት ቀኝ ዘመሙ ሆአኪን ላቪን ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ኑሮ ሲያወሩ፣ ላጎስ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ንግግር ያደርጉ ነበር። በሁለተኛው ዙር ላጎስ ዘመቻውን ለአንዲት ሴት፣ ለሶሌዳድ አልቬያር አስረክበው አሸነፉ። በሴቶች ኮሮጆ ግን በሁለቱም ዙር ያሸነፉት ላቪን ናቸው። ከ1958 ጀምሮ የነበረው ታሪክ አልተለወጠም ነበር።

የለወጡት ሚሼል ባሽሌት ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነርነታቸው ነው። ምግብ እንዲያከፋፍሉ የተሾሙት የጄኔራል ባሽሌት ልጅ ናቸው። አባታቸው ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ በባልደረቦቻቸው ስቃይ ደርሶባቸው በ1974 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ፤ እሳቸውና እናታቸውም በ1975 ቪላ ግሪማልዲ በተባለው የስቃይ ቦታ ታስረው ተሰደዱ። ተመልሰው የሕፃናት ሐኪም ሆኑ፣ ሦስት ልጆች ያለ ባል አሳደጉ፣ የጤና ከዚያም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በጥር 2006 በ53 በመቶ ተኩል ሲያሸንፉ በሁለቱም ኮሮጆ አሸነፉ። ከግራው ወገን የመጣ እጩ በሴቶች ኮሮጆ ከግማሽ በላይ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያ ካቢኔያቸው አሥር ሴት አሥር ወንድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን የሰፈር ሴቶች የሚያስታውሱት በ2008 የወጣውን የጡረታ ሕግ ነው። ፒኖቼት ጡረታን ለግል ኩባንያዎች ስለሰጠ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ሰው ቤት የሠራች ወይም ልጅ ያሳደገች ሴት ብዙ ጊዜ የራሷ ጡረታ አልነበራትም። አሁን ከ65 ዓመት በላይ የሆነች ድሃ ሴት መዋጮ ባይኖራትም በየወሩ ከመንግሥት ይከፈላት ጀመር። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕፃናት ማቆያዎችም ተከፈቱ። የአዬንዴ ግማሽ ሊትር ወተት ዘመድ የሆነ ፖሊሲ ነው።

በ2020 ኮሮና መጥቶ ከቤት አትውጡ ሲባል በሳንቲያጎ ድሃ ሰፈሮች ሰው ለምግብ አደባባይ ወጣ፤ የጋራ ድስትም በየሰፈሩ እንደገና ተጣደ። በዚያው ዓመት በጥቅምት 78 በመቶው መራጭ የፒኖቼት ሕገ መንግሥት እንዲቀየር ወሰነ። አዲሱን የሚጽፈው ጉባኤ ወንድና ሴት እኩል የተመረጡበት ነበር፤ አብላጫውም ግራ ነበር። ረቂቁ ስለ ሴቶች መብት ከየትኛውም ሕገ መንግሥት ያልተናነሰ ይናገር ነበር። በመስከረም 2022 ግን በ62 በመቶ ድምፅ ወደቀ፤ እጅግ ድሃ በሆኑት ወረዳዎች ደግሞ ከዚያም በባሰ ድምፅ። ከሁለት ዓመት በፊት በእነዚያ ሰፈሮች ድስት የጣዱት ሴቶች በዚያ ቀን ምን እንደመረጡ ኮሮጆ ከፍቶ መቁጠር አይቻልም፤ ጠረጴዛው ከ2012 ጀምሮ አንድ ሆኗል።